ያገለገለ ቁም ሣጥን በእንጨቱ እንጂ በቫርኒሹ አይመዘን

ከአዲስ አበባ በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መንገዶች የወጣ ሰው ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ያገኛል። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች አዲስ ቤት የሚበዛባቸው ናቸው። ቤት የሠራም ሆነ የተከራየ ሁሉ ልብስ ማስቀመጫ ያስፈልገዋል፤ አዲሱ ሲወደድበት ያገለገለ ያፈላልጋል። ለመሆኑ ይህ ገዢ ብሩን የሚያወጣው ለእንጨቱ ነው ወይስ ለቫርኒሹ?

የገበያው አሠራር የታወቀ ነው። ቆራሌው ወይም ደላላው አሮጌውን ባለ መሳቢያ ቁም ሣጥን ከባለቤቱ በርካሽ ያነሳል። ነጋዴው ስንጥቁን በስቱኮ ይደፍናል፤ ጠቆር ያለ ቫርኒሽ ይደርብበታል፤ አዲስ እጀታ ይገጥምለታል። ከዚያ በኋላ ዋጋው ሌላ ነው። ደላላውም ድርሻው በሽያጩ ልክ ስለሚሰላ የሚያሞግሰው የሚያብለጨልጨውን ነው። ከቫርኒሹ ሥር ያለው ዋንዛ ይሁን ኮምፔንሳቶ፣ ጤነኛ ይሁን ብል የበላው፣ ገዢው አያውቅም። "ላዩ አልጋ ውስጡ ቀጋ" የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

እውነተኛው ሀብት ግን እንጨቱ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አዋጁ በ1999 ዓ.ም. በሌላ ቢተካም እነዚህ ዛፎች እንደ ድሮው በገፍ አይገኙም። ከሰበታ ብዙም የማይርቀው የመናገሻ ሱባ ደን ጥድና ዝግባ ለእይታ እንጂ ለመጋዝ አይደለም። በሌላ በኩል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባው ኤምዲኤፍ፣ ማጠፊያና መሳቢያ መንሸራተቻም ይህንኑ ተከትሏል። ታዲያ ደረቅ የዋንዛ ቁም ሣጥን በርካሽ ሸጦ፣ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ የተጨመቀ ፍቅፋቂ በውድ መግዛት ምን ዓይነት ንግድ ነው?

ስለዚህ ብልህ ገዢ ያልታደሰውን ይግዛ፤ እድሳቱን በቤቱ ይሥራው። መሳቢያውን አውጥቶ ቫርኒሽ ያልነካውን ጀርባና ጎን ይመልከት። የእንጨቱ መስመር ከፊቱ አልፎ በጠርዙም ከታየ ሙሉ እንጨት ነው፤ በጠርዙ እንደ ቅጠል የተደራረበ ከታየ ኮምፔንሳቶ ነው። ከጥቃቅን ቀዳዳዎች ትኩስ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ብሉ አሁንም በሥራ ላይ ነውና ይለፈው።

ሥራው ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም። መጀመሪያ የላላው መጋጠሚያ በኮላ ተጣብቆ ይታሰር። አሮጌው ቫርኒሽ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይነሳ፤ ከዚያ በ120፣ በመጨረሻም በ220 ይለስልስ። አፈታተጉ ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ይከተል። አዲሱ ቫርኒሽ በስሱ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ የቀደመው በደንብ ከደረቀ በኋላ ይቀባ። ብርድና እርጥበት በሚበዛበት በሱሉልታ ክረምት ግን ቫርኒሽ ቶሎ አይደርቅም፤ ላከርም ሊነጣ ይችላል። የተሻለው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው።

ዕቃው የዘይት ቀለም የተቀባ ከሆነ ጥንቃቄ ያሻል። በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚወስን ደንብ በአገራችን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ዕቃ በደረቁ አይፈተግ፤ በውሃ እየረጠበ፣ ሕፃናት በሌሉበት ይሠራ።

ሂሳቡም ቀላል ነው። ያልታደሰው 8 ሺህ፣ የታደሰው 15 ሺህ ብር ይጠራል እንበል። ለቫርኒሽ፣ ለወረቀትና ለኮላ 2 ሺህ ብር ቢወጣ 5 ሺህ ብር በገዢው ኪስ ይቀራል። የሁለት ቅዳሜና እሑድ ድካም ይታሰብ ቢባል እንኳ፣ ገዢው ምን እንደገዛ ማወቁ ብቻ ትርፍ ነው።

ነጋዴዎች "ሕዝቡ የሚፈልገው የሚያበራውን ነው" ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ግን ሌላ ምርጫ ያቀረበለት ማን ነው? ጥቂት ዕቃዎችን ሳይቀቡ መደርደር፣ በደረሰኙ ላይም "ዋንዛ" ወይም "ኮምፔንሳቶ" ብሎ መጻፍ ወጪ የለውም። ዛሬ የተታለለ ገዢ ነገ አይመለስም፤ እንጨቱን ነግሮ የሸጠ ነጋዴ ግን ደንበኛ ያፈራል።