ከመጠምጠም መማር ይቅደም
(ስለ መመረቂያ ጽሑፍ)

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ የተነገረው ለቤተ ክህነት ተማሪ ቢሆንም፥ ለማስተርስ ዲግሪ ለሚደክመው የዛሬ ወጣትም የሚስማማ ነው። በወሎ ሰፈር ባስፋልቱ ዳር ስናልፍ ከአንድ የመብራት ምሰሶ ላይ «የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን፤ እንሠራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየን። ከግርጌው የስልክ ቁጥር አለው። ከዚያው ብዙ ሳንርቅ በአንድ ቡና ቤት፥ ቀን በመሥሪያ ቤት ውለው ማታ ሥነ ልቡና ከሚማሩ ወጣቶች ጋር ተጫወትን። ትምህርቱን ሁሉ በመልካም ውጤት ፈጽመው፥ በመጨረሻው ጽሑፍ ላይ ግን የቆሙ ናቸው። ታዲያ ፈተናውን ሁሉ ያለፈ ሰው እዚህ ሲደርስ ስለምን ይቆማል? ዓይኑስ ስለምን ወደ ምሰሶው ወረቀት ይሄዳል?

ስለ ትምህርት ጥራት ባለፉት ዓመታት የተደረገውን ሁላችን እናውቃለን። በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ ተደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ድኅረ ምረቃ ለሚገቡ አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ወጣ። እነዚህ ሁለት በሮች በፈተና ይጠበቃሉ። ሦስተኛውን በር፥ ማለት የመመረቂያ ጽሑፍን፥ የሚጠብቁት ግን አንድ አማካሪ፥ ጥቂት ፈታኞችና የተማሪው ኅሊና ብቻ ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የማስተርስ ትምህርት ሲከፍት ተማሪዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ዛሬ ግን ትምህርቱ በአያሌ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣልና የአማካሪው ጊዜ ለብዙ ይከፈላል።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በአማካሪው ላይ መጣል አይገባም። የመጀመሪያው ዕንቅፋት የጥያቄው ስፋት ነው። በምሳሌ እንየው። ከወሎ ሰፈር ብዙ የማይርቀው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ሰፊው ክፍሉ ፈርሶ፥ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማው ክፍሎች መዛወራቸው ይታወቃል። አንድ ተማሪ «መዛወር በነዋሪው መንፈስ ላይ ያመጣው ለውጥ» ብሎ ቢነሣ አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሰዎቹ ሳይነሡ በፊት የነበራቸውን ስሜት የለካ ከሌለ፥ ለውጡን በምን ያውቀዋል? ዛሬ ሄዶ ቢጠይቃቸው የሚነግሩት የትዝታቸውን ነው፤ ትዝታ ደግሞ የናፈቀውን ያሳምራል። ደግሞስ ተበትነው ከሄዱት መካከል በስልክ የሚያገኛቸው እነማን ናቸው? ምናልባት ከጎረቤት ያልተቆራረጡት፥ የተሻለ ኑሮ ያላቸው ይሆናሉ። ብቸኝነት የጎዳው ሰው ከናሙናው ውጭ ይቀራል፤ ጽሑፉም «ሁሉ ደኅና ነው» ብሎ ሊፈርድ ይችላል።

ይኸው ተማሪ ጥያቄውን ቢያጠብ ግን መንገድ ያገኛል። ከተዛወሩት መካከል በቀድሞው ዕድራቸው የቀጠሉትንና ያቋረጡትን ቢያነጻጽር፥ በብቸኝነት ስሜት መለያየታቸውን ለማየት ይችላል። ልዩነት ቢገኝ እንኳ «ዕድር በመቅረቱ የመጣ ነው» ብሎ ለመፍረድ አይችልም፤ አስቀድሞ የከፋው ሰው ራሱ ዕድሩን ትቶ ይሆናልና። ይህን ገደብ በጽሑፉ ውስጥ በግልጥ መጻፍ ድካም ሳይሆን ዕውቀት ነው።

ሁለተኛው ዕንቅፋት መለኪያው ነው። አሮን ቤክ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ያወጣው የድብርት መጠይቅ 21 ክፍሎች አሉት፤ ብዙ ተማሪም እንዲህ ያለውን መጠይቅ በአንድ ሌሊት ወደ አማርኛ መልሶ ያድላል። ያገራችን ሰው ግን ኀዘኑን የሚናገረው «ሆዴን ባር ባር አለኝ»፥ «ሆድ ባሰኝ»፥ «ቀልቤ ተገፈፈ» እያለ ነው። ቃሉ ብቻ ተተርጉሞ ስሜቱ ካልተተረጐመ፥ መላሹ ያልገባውን ጥያቄ በትሕትና «አዎን» ብሎ ያልፈዋል፤ ኮምፒዩተሩም ያንኑ አክብሮ ይደምረዋል። ስለዚህ አንዱ ወደ አማርኛ እንዲመልሰው፥ ሌላው የመጀመሪያውን ሳያይ ወደ እንግሊዝኛ እንዲገለብጠው፥ ሁለቱም እንዲመሳከሩ፥ ከዚያም በጥቂት ሰዎች ላይ እንዲሞከር ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ሳምንታትን ይወስዳል፤ ከቢሮ ለሚውል ሰው ደግሞ ወራትን። ተማሪው ተስፋ የሚቈርጠውና ስልኩን የሚያነሣው በዚህ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ በሥነ ልቡና ያለውን ልዩ አደጋ ልብ እንበል። በገንዘብ የተገዛ ጽሑፍ በማናቸውም ትምህርት ነውር ነው። የሥነ ልቡና ምሩቅ ግን ነገ በትምህርት ቤት፥ በሆስፒታል፥ በፍርድ ቤት ተቀምጦ የሰውን ጭንቀት ሰምቶ የሚፈርድ ነው። ሰውን ጠይቆ፥ መልሱን መዝኖ፥ «ይህን አውቃለሁ፤ ያንን አላውቅም» ማለትን የሚለማመደው በዚያ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን የገዛ ሰው ልምምዱን አልገዛም። ዕዳውን የሚከፍለው ልጁን ይዞ ምክር ፍለጋ የሚመጣው ወላጅ ነው።

ስለዚህ ለተማሪው የምንለው ይህ ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር የማይነገር ጥያቄ ገና ጥያቄ አይደለምና አጥብበው። ሰዎቹን ለማግኘት መቻልህን ሳታረጋግጥ አርእስቱን አታስመዝግብ። ከመጠየቅህ በፊት ፈቃዳቸውን ተቀበል፤ ስማቸውንም ሰውር። መላምትህ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ አትደንግጥ፥ በትክክል የተሠራ «አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ከተቀባባ «ተገኘ» ይበልጣልና። በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ገጽ ጻፍ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎችም ለሚማረው ሠራተኛ በመጨረሻው ወቅት ጥቂት ቀናት ፈቃድ ቢሰጡ ትርፉ የራሳቸው ነው። ዩኒቨርሲቲዎችም በፈተናው ቀን ተማሪውን ስለ ገጹ ብዛት ሳይሆን፥ «ይህን ሰው ስታነጋግር ምን አለህ?» ብለው ይጠይቁት። መጠይቁን ይዞ ከቤት ወደ ቤት የዞረ ተማሪ ለዚህ መልስ አያጣም፤ የምሰሶው ወረቀት ግን መልስ የለውም።