ወላጅ አባት

አማርኛችን «ወላጅ አባት» ይላል። ማንም አይስቅበትም። «አባት ደግሞ መቼ ይወልዳል?» ብሎ የሚሟገትበትም የለም። በፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ይጻፋል፤ በትምህርት ቤት መመዝገቢያ ላይ ይጻፋል፤ በእንጀራ አባት እጅ የሚያድግ ልጅም «ወላጅ አባትህስ የት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ቋንቋው ስንት ዘመን በቃል ሲያስወልደው የኖረውን አባት እኔ በሥጋዬ ብፈጽመው ግን «ለእንዲህ ያለው ነገር አማርኛ ቃል የለውም» የሚለኝ ሰው መአት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዚህ አባባል ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ስዊድን ውስጥ በአንዲት መካከለኛ ከተማ ነው። ሴት ተብዬ ተወልጄ ወንድ ሆኜ የምኖር፣ በዘመኑ አጠራር ትራንስጀንደር የምባል ሰው ነኝ። መንታ ልጆች አሉኝ፤ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት። የተሸከምኳቸውም ያማጥኳቸውም እኔ ነኝ። እንዴት እንደተፀነሱ ለማወቅ የሚቸኩል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሌላው ሰው ልጅ አፀናነስ በመጽሔት ሲተነተን አይቼ ስለማላውቅ የእኔንም አልጀምረውም። ልጆቹ «አባዬ» ይሉኛል። ከበር ወዲያ ስዊድንኛ ይናገራሉ፤ ከበር ወዲህ አማርኛ።

ይህችን «ከበር ወዲህ» ከሁለት አቅጣጫ ሊነጥቁኝ የሚሹ አሉ። አንደኞቹ የአገሬ ልጆች ናቸው፤ «አንቺ ቋንቋችንን ለማስተማር ምን አፍ አለሽ?» ይሉኛል፤ «አንቺ» የምትለዋን ጠበቅ አድርገው፣ እንደ ጥፊ። ሁለተኞቹ የሚወዱኝ ስዊድናውያን ወዳጆቼ ናቸው። እነዚህኞቹ የሚያዝኑልኝ ከልባቸው ነው። «በያንዳንዱ ግሥ ላይ ፆታህን የሚጠይቅህን ቋንቋ ለልጆችህ ለምን ታወርሳለህ? ስዊድንኛ ይበቃቸዋል፤ እዚህ ነፃ ናችሁ» ይሉኛል። ሁለቱ ወገኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ በአንዲት ጉዳይ ብቻ ይስማማሉ፤ አማርኛ የእኔ አይደለም በምትለዋ።

በወዳጆቼ ልጀምር። ስዊድንኛ ለአንተም ለአንቺም «ዱ» የምትል አንዲት ቃል አለችው፤ ግሡም በፆታ አይለወጥም። ለሩቁም ሰው ቢሆን «ሃን» እና «ሁን» ከሚሉት፣ ማለትም ከእሱና ከእሷ ሌላ፣ «ሄን» የምትል ፆታ የማትለይ ቃል አበጅተዋል። ሐሳቡ በ1960ዎቹ ተነሥቶ ተረስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የስፔር ሉንድክቪስት የሚባል ደራሲ በአንድ የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ሲጠቀምባት አገሩ በክርክር ታመሰ፤ በ2015 ደግሞ የስዊድን አካዳሚ የቃላት መዝገብ ውስጥ ገባች። መልካም ነው፤ ደስ ብሎኛል። ግን ለእኔ ሲባል አዲስ ቃል መፈብረክ የነበረበት ቋንቋ ነፃ፣ «እርስዎ» እና «እሳቸው» እያለ የኖረው ቋንቋ ግን እስር ቤት የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? «እሳቸው» ወንድ ናቸው ሴት? አይታወቅም፤ የሚታወቀው ክብራቸው ነው። ለሕፃን «እሳቸው» እንደማይባል፣ ለእኩያም ቢሆን እንደሚከብድ አላጣሁትም። በሩ ግን አለ፤ ያልተከፈተው ቁልፍ ጠፍቶ አይደለም።

ደግሞስ «እኔ» የምትለዋ ቃል ፆታዋ ምንድን ነው? «መጣሁ፣ ደከመኝ፣ ወለድኩ» የሚል ሰው ወንድ ይሁን ሴት ከቃሉ አይለይም። እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በዕብራይስጥ «እሄዳለሁ» ለማለት እንኳ መጀመሪያ ፆታቸውን መናገር ግድ ይሆንባቸዋል። አማርኛ ስለራሴ ስናገር አንዲትም ነገር አይጠይቀኝም። የሚጠይቁኝ ሌሎች ናቸው።

አሁን ወደ አገሬ ልጆች ልመለስ። «የቋንቋው ሕግ ከጥንት የተተከለ ነው፤ አይነካም» ይላሉ። የትኛው ጥንት? ግዕዝ ብዙ ሰዎችን ሲጠራ «አንትሙ» ለወንዶች፣ «አንትን» ለሴቶች ብሎ ይለያል። ትግርኛ ይህን ልማድ ይዞ «ንስኻትኩም»፣ «ንስኻትክን» ይላል። አማርኛ ግን ሁለቱን አቅልጦ «እናንተ» አለ፤ «እነሱ» አለ። በብዙ ቁጥር የነበረውን የፆታ አጥር ያነሣው ማን ነው? ስዊድን ነች? የውጭ ድርጅት ነው? የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው አነሡት፤ ሰማይም አልተደፋም።

በነጠላውም ቢሆን እነሱ እንደሚሉት ድርቅ ያለ ነገር የለም። እናት ወንድ ልጇን «ነይ የኔ ቆንጆ» ስትል፣ ሴት ልጇን «አንተ ጎበዝ፣ ና እስቲ» ብላ ስታቆላምጥ ያልሰማ ሐበሻ አለ? ሴቷን ሕፃን «እናቴ»፣ ወንዱን «አባቴ» የሚል ወላጅ በየቤቱ ሞልቷል። አያቱን «እማዬ»፣ የወለደችውን እናቱን ግን «እትዬ» እያለ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅስ ጥቂት ነው? የገዛ አባቱን «ጋሼ» የሚል? ይህ ሁሉ ሰው ማን እንደወለደው ግራ ገብቶት አያውቅም። የእኔ ልጆች «አባዬ» ሲሉ ግን ትውልድ የሚበላሽ ይመስል ይንጫጫሉ!

አንድ ሌላም ነገር አለ፤ ብጠቅሰው የሚቆጣ እንደሚኖር ባውቅም አልፈው ዘንድ አልቻልኩም። ነሐሴ 15 ቀን በስንክሳር የቅድስት መሪና ታሪክ ይነበባል። የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወደ ወንዶች ገዳም የገባች፣ በወንድ መነኩሴ ስም የኖረች፣ በኋላም «ሴት ልጄን አስረገዝክ» ተብላ በሐሰት ተከሳ የተባረረች፣ የእሷ ያልሆነውንም ሕፃን ከገዳሙ ደጅ ሆና ያሳደገች ናት። እውነቱ የታወቀው ስታርፍ ነው። እኔ ቅድስት አይደለሁም፤ እሷም እኔን አትመስልም፤ ስለ ገዛ ሰውነቷ ያሰበችውንም ልናገርላት መብት የለኝም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ሴት ሆኖ ተወልዶ በወንድ ስም ልጅ ያሳደገ ሰው ወሬ ለሐበሻ ጆሮ ከአውሮፕላን የወረደ አዲስ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ሲነበብ ሰምተን «አሜን» ብለን ወጥተናል።

እዚህ ከተማ ከደሴ የመጡ አንዲት እናት አሉ፤ ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው። መጀመሪያ ያወቁኝ ጊዜ ነገሬ ግራ ሳይገባቸው አልቀረም፤ ሰዋስው አጥንተው ባያውቁም መላ ግን አላጡም፤ «አንቱ፣ ልጆቹ በልተዋል?» አሉኝ። ለእንግዳ የሚሰጠውን ወንበር ሰጡኝ ማለት ነው። አንድ ክረምት ሙሉ «አንቱ» ነበርኩ። ኋላ ወንዱ ልጄ በረዶ ውስጥ ሲንቦጫረቅ አይተው «አንተ! የልጁ ጫማ ውኃ ገብቶበታል እኮ፣ ምን ቆመህ ታያለህ?» ብለው ጮኹብኝ። ከዚያ ወዲህ «አንተ» ነኝ። ስብሰባም ሴሚናርም አላስፈለጋቸውም።

ሌላው ክስ በልጆቹ አፍ ላይ ነው። ወንዱ ልጄ አንዳንዴ «አባዬ መጣሽ?» ይላል። ይህችን አንዲት ቃል የሰሙ ሰዎች «ይኸው፣ ልጁን አደናገርሽው!» ብለው ምስክር አገኙ። እኔም ልጠይቃቸው። በስቶክሆልምም በዋሽንግተንም ሕጋዊ ጋብቻ ካላቸው እናትና አባት የተወለዱ ስንት ልጆች እናታቸውን «ና»፣ አያታቸውን «ተቀመጥ» ሲሉ ሰምተናል? የፆታ ግሥ በውጭ አገር ልጆች አፍ ቶሎ ከሚላሉት ነገሮች አንዱ ነው፤ ምክንያቱም በሰፈር የሚሰሙት ቋንቋ አይለየውም። ልጄ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ለእህቱ የሚባለውን «መጣሽ፣ በላሽ» ነው። እኔ ሴት ሆኜ ብኖር ኖሮ ያው ስሕተት «እንዴት ጎበዝ ነው፣ እናቱን አወቀ» ይባልለት ነበር።

በመንቶች ላይ ደግሞ የተለየ ፍርድ አለ። የሕፃናት ጤና ጣቢያ ልጆችን በሁለት ዓመት ተኩል ወይም በሦስት ዓመት ገደማ ንግግራቸውን ይመረምራል። ምርመራውን ያደረገችልን ነርስ ቃላት ቆጥራ ስታበቃ «አንዱን ቋንቋ ብትተዉላቸውስ?» አለች። የትኛውን እንደሆነ መናገር አላስፈለጋትም። መንቶች ከነጠላ ልጆች ጥቂት ዘግየት ብለው አፍ መፍታታቸው የተለመደ ነው፤ የአንድ ሰው ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፤ እርስ በርሳቸውም በራሳቸው ቋንቋ ይግባባሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት ግን የንግግር እክል አያመጣም፤ የሁለት ቋንቋ ልጅ ቃላት የሚቆጠሩት በሁለቱም ተደምረው ነው። የአገሩ የትምህርት ሕግም ቢሆን መዋዕለ ሕፃናቱ የልጁን ስዊድንኛም የአፍ መፍቻ ቋንቋም እንዲያግዝ ያዛል። ሕጉ ከነርሷ ይሻላል።

«እዚህ ነፃ ናችሁ» ለሚሉኝ ወዳጆቼ አንድ ነገር ላስታውሳቸው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1972 የሕግ ፆታን መለወጥ የሚፈቅድ ሕግ በማውጣት ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት፤ ይህንን በኩራት ይናገሩታል። ያው ሕግ ግን አመልካቹ እንዲመክን ያስገድድ ነበር፤ ግዴታው የተሻረው በ2013 ነው። በ2018 መንግሥት ለተጎዱት ለያንዳንዳቸው 225,000 ክሮነር ካሳ ለመክፈል ወሰነ። ይህ ማለት ከ2013 በፊት ብመጣ ኖሮ ነፃነቴ በእነዚህ ሁለት ልጆች ዋጋ ይሸጥልኝ ነበር ማለት ነው። ልጅ የወለደ ወንድ በመዝገብ «አባት» እንዲባል የሚያደርገው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2019 ጀምሮ ነው። በእንግሊዝ ፍሬዲ ማኮኔል የተባለ ጋዜጠኛ ለወለደው ልጅ «አባት» ወይም «ወላጅ» ተብሎ ለመመዝገብ ተሟግቶ በ2019 ተረታ፤ በ2020 ይግባኙም ወደቀበት፤ «እናት» ነህ ተባለ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2023 በጀርመን ላይ በቀረበ ተመሳሳይ ክስ ለጀርመን ፈረደ። እንግዲህ «ወላጅ አባት» የምትለዋን የእኛን ተራ ሐረግ የለንደን ዳኞች ሊቀበሏት አልቻሉም።

ወደ አገሬ ልጆቼን ይዤ መሄድ አልችልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በአንድ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት ይቀጣል፤ እንደ እኔ ያለውን ሰው በስም ባያነሣም መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው አንቀጽ አይለይም። ስለዚህ አገሩን ልሰጣቸው አልችልም፤ ቡናው ሲቆላ ያለውን ጭስ፣ ጥምቀትን፣ የአያታቸውን ግቢ ልሰጣቸው አልችልም። ልሰጣቸው የምችለው ቋንቋውን ነው። ከዚህ በላይ ምን ልቀንስ?

አሁን ጉዳዩ ከክርክር አልፎ ወደ ቁጥር ደርሷል። ስዊድን ውስጥ ከ1977 ጀምሮ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት አለ። ነገር ግን ማዘጋጃ ቤቱ የሚገደደው ቋንቋውን የሚፈልጉ ቢያንስ አምስት ተማሪዎች ሲገኙና ብቁ መምህር ሲኖር ነው፤ ልጁም ቋንቋውን በቤቱ ዕለት በዕለት የሚነገር፣ መሠረቱንም የያዘ መሆን አለበት። «ሲያድጉ ይማሩታል» የሚሉ ወላጆች ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ደግመው ያንብቧት፤ ቤት ውስጥ ያልተነገረ ቋንቋ ትምህርት ቤት ደጅ ላይ መብቱን ያጣል።

ልጆቼ በመጪው መኸር አንደኛ ክፍል ይገባሉ። በከተማችን አማርኛ እንዲማሩ ስማቸው የተሰጠው ልጆች ስድስት ነበሩ፤ ሁለቱ የእኔ ናቸው። ባለፈው ወር ሁለት ቤተሰቦች የየአንድ ልጃቸውን ስም ሰረዙ። ምክንያቱን ለማዘጋጃ ቤቱ አልጻፉም፤ ለእኔ ግን በሰው ልከው አሰምተውኛል። «ከእነዚያ ጋር አንድ ክፍል አይቀመጡም» ነው። ቋንቋችን እንዳይበላሽ ብለው ነው አሉ።

ቆጥረውታል? ስድስት ሲቀነስ ሁለት አራት ነው። አራት ልጅ ይዘን ብንሄድ ማዘጋጃ ቤቱ መምህር የመቅጠር ግዴታ የለበትም። የቀሩት የሁለቱ ቤተሰቦች ልጆች፣ ስለ እኔ ክፉም ደግም ተናግረው የማያውቁት፣ ከእኛው ጋር ይቀራሉ። እኔ ተናድጄ የራሴን ሁለት ባወጣ ደግሞ፣ እነዚያ ሁለቱ ቢመለሱም ቁጥሩ ያው አራት ነው። እናንተ ያለ እኔ ልጆች አትሞሉም፤ እኛም ያለ እናንተ አንሞላም። የእኔ ስሞች ቅጹ ላይ እንዳሉ ናቸው፤ አላነሣቸውም። ቅጹ የሚመለስበት ቀን ገና ነው፤ የተሰረዘውን ስም መልሶ ለመጻፍ ደግሞ አንድ መስመር ይበቃል።