ሰርቨሩ ይቀየር፤ ሥርዓቱ ሳይነካ ይሻገር

የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰርቨር ሲያረጅ መቀየር ያለበት ሰርቨሩ ነው። በላዩ ላይ ሲሠራ የኖረውና ዛሬም በትክክል የሚሠራው ሥርዓት አብሮ ሊጣል አይገባም። ይህን የምንለው በክልላችን በአማራም ሆነ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አንድ ጎጂ ልማድ ሥር ስለሰደደ ነው። ማሽኑ ይደክማል፤ የአይሲቲ ባለሙያው «የዚህ ዊንዶውስ ድጋፍ ቆሟል» ብሎ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ከላይ የሚመጣው መልስ ግን «አዲስ ሲስተም ይሠራ» የሚል ይሆናል። ጨረታ ይወጣል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ አሮጌው ይዘጋል። ባለጉዳዩ ደግሞ «ሲስተም የለም» እየተባለ ይመላለሳል።

አቋማችን ግልጽ ነው። መጀመሪያ ማዛወር፤ እንደ አዲስ መጻፍ ካስፈለገም ከዚያ በኋላ፣ አስፈላጊነቱ ተረጋግጦ፣ ክፍል በክፍል።

ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ ያለችው ደብረ ኤልያስ በቅኔ ጉባኤዋ የታወቀች ናት። በእንዲህ ያለ አገር ብራና ሲያረጅ ቁም ጸሐፊው ቃሉን ሳይለውጥ ወደ አዲስ ብራና ይገለብጠዋል፤ ብራናው ተበላሸ ብሎ ሌላ ድርሰት የሚጀምር የለም። የወረዳው አርሶ አደር የመሬት መዝገብም የሚገባው ይኸው ጥንቃቄ ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባና ደብተር የመስጠት ሥራ የተጀመረው በ1995 ገደማ ሲሆን፣ ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል። የክልሉ የመሬት ሕግ በአዋጅ ቁጥር 133/1998፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 252/2009 ተተክቷል። በመሆኑም በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ በተለያየ ሕግ ዘመን የገቡ ይዞታዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። መረጃው መጀመሪያ «ኢስላ» በተባለው የክልሉ ሶፍትዌር፣ ቀጥሎም በፊንላንድ ድጋፍ በተሠራው ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት እንዲያዝ ተደርጓል። ይህም በተራው ያረጃል። ያን ጊዜ «ከዜሮ እንጀምር» የሚል ባለሙያ የሚያነበው የቅርቡን አዋጅ ብቻ ነው፤ የውርስ፣ የስጦታና የኪራይ ዝውውር በቀድሞው ሕግ እንዴት ይመዘገብ እንደነበር የሚያውቀው አሮጌው ፕሮግራም ነው። የጻፈው ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ከለቀቀ ቆይቷል።

እንዲህ ያለ ዕውቀት በመመሪያ ላይ ተጽፎ አይገኝም። ለምሳሌ፣ የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዓመቱ 13 ወር አለው፤ ደመወዝ የሚከፈለው ግን 12 ጊዜ ነው። ጳጉሜን ለብቻዋ ትቁጠር ወይስ ከነሐሴ ጋር ትቀላቀል የሚለውን አሮጌው ሥርዓት አንድ ጊዜ ወስኖ ለዓመታት ሠርቶበታል። ከውጭ የመጣ አዲስ መድረክ 13ኛ ወር አያውቅም፤ ከአባት ስም ይልቅ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ «ኃይሉ»ን በ«ሀይሉ» ፈልግ ቢሉት አያገኝም። እነዚህ ሁሉ ሰው አቤት ሲል፣ ባለሙያው ሲያርም፣ እንደገና አቤት ሲባል የተስተካከሉ ናቸው። እንደ አዲስ የተጻፈ ፕሮግራም ያንኑ አቤቱታ ከመጀመሪያው ያስደግመናል።

የፊደሉ ጉዳይ ደግሞ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መስፈርት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዓመታት፣ መሥሪያ ቤቶቻችን በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቻቸው ሲጽፉ ኖረዋል። በእነዚህ የተጻፈ ስም በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው በላቲን ፊደል ቁጥሮች ነው፤ ፎንቱ ከሌለ «ዓለማየሁ» የማይነበብ የምልክት ክምር ሆኖ ይወጣል። ይህን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ሰንጠረዥና የሰው ዓይን ይፈልጋል። ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ መጻፍ ከዚህ ሥራ አያድንም፤ ይልቁንም ሌላ ችግር ይጨምርበታል። መረጃውም ፕሮግራሙም በአንድ ጊዜ ተለውጠው ስሕተት ሲወጣ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ ማን ይለያል? ሲዛወር ግን የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። ትናንት የወጣውና ዛሬ የወጣው ሪፖርት ጎን ለጎን ተቀምጦ ይነጻጸራል፤ ልዩነት ካለ መንስኤው ይገኛል።

ኢትዮጵያ ለዚህ የራሷ ልምድ አላት። በ1994 እና 1995 ወረዳዎች የራሳቸውን በጀት ማስተዳደር ሲጀምሩ ሒሳባቸውን የሚይዙበት ሥርዓት ያስፈልግ ነበር። በስቲቨን ፒተርሰን የተመራው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ከአሥር ዓመት በላይ ሲሠራ ያወጣው «አይቤክስ» ከዚህ የተወለደ ነው። ፒተርሰን በኋላ በጽሑፎቹ የተከራከረው የነበረውን አውቆ፣ አሻሽሎ፣ አጽንቶ መሄድ ሁሉን አፍርሶ ከመተካት ይበልጣል እያለ ነው። የተዘጋጀ ሶፍትዌር ከውጭ ገዝተው ብዙ ገንዘብ ያወጡ የአፍሪካ አገሮች ሲንገዳገዱ፣ የእኛ ወረዳዎች ሒሳብ መዝጋት የቻሉት በዚሁ መንገድ ነው። ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበት ትምህርት ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አብሮ መረሳቱ ያስቆጫል።

ማዛወር የሚቻል ነው ወይ? አዎ። ቀላሉ መንገድ አሮጌውን ማሽን ከነሙሉ ይዘቱ ወደ ቨርቹዋል ማሽን ገልብጦ በአዲሱ ሰርቨር ላይ ማስነሣት ነው። የተሻለው ፕሮግራሙን ራሱን ወደ አዲስ ስርዓተ ክወና ማምጣት ነው፤ ለዚህም መሣሪያው አለ። በጃቫ የተጻፉ ድረ ገጾች እ.ኤ.አ. በ2020 በመጣው የፓኬጆች ስያሜ ለውጥ ምክንያት ቶምካት በተባለው ማስነሻ ሶፍትዌር አዲስ ዕትም ላይ አልነሣ ቢሉ፣ የድሮውን ስም ወደ አዲሱ የሚለውጥ መሣሪያ በነፃ ይገኛል። በክላሲክ ኤኤስፒ የተሠሩት ዛሬም በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ይሠራሉ። በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ካልሆነ የማይከፈቱትንም ማይክሮሶፍት ኤጅ ቢያንስ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. እንደሚከፍታቸው ቃል ተገብቷል። የሚያስፈልገው የወር ሥራና የሚያውቅ ሰው ነው።

የደኅንነት ሥጋት የሚያነሡ ባለሙያዎች እውነት አላቸው። የዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2015፣ የ2008 በ2020፣ የ2012 ደግሞ በጥቅምት 2023 ቆሟል። እንዲህ ያለውን ማሽን እንዳለ ገልብጦ ለኢንተርኔት ማጋለጥ ማዛወር አይባልም፤ ቸልተኝነት ነው። ለጊዜው የተገለበጠ አሮጌ ማሽን ከውስጥ ኔትወርክ አይውጣ፣ ፊት ለፊቱም አዲስና የታደሰ ሰርቨር ይቁም። ምንጭ ኮዱ የጠፋ፣ ስሌቱ የተሳሳተ ወይም ሕጉ ከሥሩ የተለወጠበት ሥርዓት ካለም እንደ አዲስ ይጻፍ፤ አንቃወምም። ማስረጃውን ማቅረብ ግን የሚገባው ይጻፍ የሚለው ወገን ነው።

መቸኮልም አይገባም። የብሪታንያው ቲኤስቢ ባንክ በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. የደንበኞቹን ሒሳብ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ወደ አዲስ መድረክ ሲያሻግር እስከ 1.9 ሚሊዮን ሰዎች ሒሳባቸውን መክፈት አቅቷቸው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጥቷል። የእኛ ወረዳ ሒሳብ በሚዘጋበት በሰኔና በሐምሌ እንዲህ ያለ ሽግግር መሞከር የለበትም። አንድ ቀበሌ ወይም አንድ የሥራ ሂደት ይቅደም፣ ሌላው ይከተል።

ለአማራ ክልል ደግሞ የተለየ ሁኔታ አለ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። አዲስ አበባ ካለ የመረጃ ማዕከል ጋር ካልተገናኘ የማይከፈት ሥርዓት እንዲህ ባለ ጊዜ ወረዳውን ከመዝገቡ ጋር ያቆራርጠዋል። ብዙዎቹ አሮጌ ፕሮግራሞች በወረዳው ሰርቨር ላይ ብቻቸውን ይሠራሉ፤ ይህን ጥንካሬ በዘመናዊነት ስም መሻር ባለጉዳዩን መበደል ነው። ወደ ማዕከል የሚሄደው ቅጂ ይሁን፤ መሥሪያው እዚያው ወረዳው ላይ ይቅር።

ስለዚህ የክልሉ ገንዘብ ቢሮና የመሬት ቢሮ ለአዲስ ሶፍትዌር ውል ከመፈረማቸው በፊት ነባሩ ለምን እንደማይዛወር በጽሑፍ እንዲመልሱ እንጠይቃለን። ምንጭ ኮዱ፣ የይለፍ ቃሉና የመጫኛ መመሪያው ከአልሚው እጅ ወጥቶ በመሥሪያ ቤቱ ካዝና ይቀመጥ። ለጋሾችም ለአዲስ ሥራ የሚመድቡትን ያህል ነባሩን ለማቆየት ይመድቡ፤ የወረዳው የአይሲቲ ባለሙያ ደመወዝና ሥልጠና የዚህ በጀት የመጀመሪያ ወጪ ይሁን። አሮጌው ሰርቨርም በአዲሱ ላይ አንድ ሙሉ የበጀት ዓመት ተሠርቶ፣ ሒሳቡ ተዘግቶ፣ በኦዲተር እስኪታይ ድረስ አይነቀል።