ያረጀ ውሻ በገመድ አይጎተት!

ለሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ባለፈው እሑድ ረፋድ ላይ ከጉሊቱ አጠገብ የሆነውን ያያችሁ አይታችኋል፣ ያላያችሁም ሳትሰሙ አልቀራችሁም። አንድ የሠፈራችን ወጣት ለኅዳሩ ሩጫ እዘጋጃለሁ ብሎ የእናቱን የግቢ ውሻ አንገቱን በገመድ አሥሮ ወደ እንጦጦ ዳገት ይዞት ወጣ። ውሻው 10 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ከበሩ ሥር በሁለት ሜትር ሰንሰለት ታሥሮ የኖረ ነው። ሲመለሱ ምላሱ ጠቁሮ፣ የኋላ እግሮቹ እየተጠላለፉ መጣና አስፋልቱ ላይ ዘፍ ብሎ ወደቀ። ልጁ ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ተነስ አንተ ሰነፍ!» እያለ ገመዱን ይጎትታል! ሽንኩርት የሚሸጡት እናት ጀሪካናቸውን ይዘው ተነሥተው ሆዱንና እግሩን ውኃ ባያፈሱበት፣ ጥላ ውስጥ አስገብተው በካርቶን ባያራግቡለት ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሬሳ ነበር። የልጁን ስም አንጽፍም። እሱም ራሱን ያውቃል፣ እኛም እናውቀዋለን።

ሩጫ አንጠላም። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ኅዳር በደረሰ ቁጥር ሠፈሩ በሙሉ ሯጭ ይሆናል፤ ደስ ይለናል። የምንቃወመው በሰንሰለት የኖረን ሽማግሌ እንስሳ በአንድ ጧት አትሌት ለማድረግ የሚደረገውን አጉል አድራጎት ነው። አበበ ቢቂላ እንኳ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ያሸነፈው ከወንበር ተነሥቶ አይደለም፤ በአሠልጣኝ ሲለማመድ ኖሮ ነው። ለሰው ያልተቻለ ለውሻ እንዴት ይቻላል?

«ማኅበሩ የውኃውንና የመብራቱን ነገር ትቶ ስለ ውሻ ይጽፋል» የሚሉ እንዳሉ ሰምተናል። እንዴ! ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ዘበኛውም ካፖርቱን ተከናንቦ ሲተኛ፣ አጥር የሚዘል ሌባ ሲመጣ የጮኸላችሁ ማነው? ደግሞስ ያመመው ውሻ ይናከሳል። የሚነከሰውም መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወተው የእናንተው ልጅ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሠፈሩ ነገር ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ «ያረጀ ውሻ አይነካ፣ ተኝቶ ይሙት» የሚሉ አባቶች አሉ። ከነዚህም ጋር አንስማማም። ታሥሮ የሚውል ውሻ ሥጋው ይላላል፣ ሆዱ ይሰፋል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል። ትልልቅ ውሾች ከ7 እና ከ8 ዓመት በኋላ እንደ አረጁ ይቆጠራሉ፤ ቢሆንም በልክ የተንቀሳቀሰ ሽማግሌ ውሻ ከተጋደመው ይልቅ ቀሪ ዘመኑን በደህና ይኖራል። እኛ የምንለው ይሩጥ፣ ግን በዕድሜው ይሩጥ ነው።

ውሻ እንደ ሰው አያልበውም። ከመዳፉ ጥቂት ያልበው እንደሆነ ነው እንጂ ሙቀቱን የሚያስወጣው እያለከለከ በምላሱና በአፉ ነው። ስለሆነም እናንተ ላብ በላብ ሆናችሁ ቀዝቀዝ ሲላችሁ እሱ ውስጡ ይቀቀላል። አዲስ አበባችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ያልፋል፤ አየሩ ስስ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ውሻ «ደከመኝ» አይልም። ጌታውን ስለሚወድ እያመመውም ይከተላል። መከተሉን አይታችሁ ችሏል ማለት ትልቅ ስሕተት ነው።

ታዲያ እንዴት ይደረግ? አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም ልቡን ያዳምጠው፣ እግሩንም ይይለት። ከዚያ ለሁለት ሳምንት እርምጃ ብቻ ነው፤ ጧት 15 ደቂቃ፣ ማታ 15 ደቂቃ፣ በአፈር መንገድ። አንዳንዱ ይኸን ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ነው። በሦስተኛው ሳምንት 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ከዚያ 4 ደቂቃ እርምጃ፣ ይኸን አራት ጊዜ መደጋገም። በየሳምንቱ ከጠቅላላው ላይ አንድ አሥረኛ ያህል ብትጨምሩ ይበቃል፤ ሶምሶማ በተደረገ ማግሥት ደግሞ ዕረፍት ነው።

ፈተናው ያለው በማግሥቱ ጧት ነው። ውሻው ከተኛበት ሲነሣ ተመልከቱት። እግሩ ተገትሮ ከሆነ፣ ሲራመድ አንገቱን ካነቀነቀ፣ ጉልበቱን አዘውትሮ ከላሰ በዝቶበታል፤ ወደ ቀድሞው ሳምንት ልክ ተመለሱ። ሁለት ቀን ካነከሰ ግን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። እየሮጠ ካሳለ፣ ከወደቀ ወይም ድዱ ከነጣ ወይም ከጠቆረ በዚያው ሰዓት ማቆም ነው። ጨርሶ ለሩጫ የማይበቃም ይኖራል። እሱ እርምጃው ይበቃዋል፤ ውርደት የለበትም።

ሰዓቱም ጧት 12 ሰዓት ግድም ይሁን። ቀን ላይ አስፋልቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ እናንተን ካቃጠላችሁ እሱ ጫማ የለውም። ገመዱ በአንገቱ ሳይሆን በደረቱ ይዙር፤ ትንፋሹን አትነቁት። ገመድ ሳይያዝ ማንም ውሻ ከግቢ አይውጣ፤ ውሻ የሚፈሩ ሕፃናትና አሮጊቶች አሉ። በልቶ ወዲያው አይሩጥ፣ ሮጦም ወዲያው አይብላ፤ ደረተ ትልቅ ውሻ ሆዱ ተነፍቶ ከተጠማዘዘ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ጎኑን ስትዳስሱት የጎድን አጥንቱ በቀላሉ ካልተሰማችሁ ወፍሯልና ከሩጫው በፊት ምግቡ ይቀነስ። ፋሲካ ባለፈ ማግሥት በየበሩ የምናየው የስብና የተቀቀለ አጥንት ክምርም በዚሁ ይቅር።

አንድ ሌላ ነገር። እግሩን አመመው ብለው ለራሳቸው የታዘዘላቸውን ዳይክሎፌናክ በእንጀራ ጠቅልለው ያጎረሱ ሰው አሉ። ለመጥቀም ነው ያደረጉት፤ እናምናለን። ነገር ግን ይኸ መድኃኒት፣ አይቡፕሮፌንም ጭምር፣ የውሻን ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊቱን ይገድላል። የሰው ክኒን ለውሻ አይሰጥ!

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም በየዓመቱ ነው። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ያንኑ ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ እንጂ «የጎረቤት ውሻ ነው» ብሎ ቤቱ አይቀመጥ። አረጀብኝ፣ መሮጥ አቃተው ብሎ ውሻውን ጨለማን ተገን አድርጎ ቀለበት መንገድ ላይ ጥሎ የሚመለስ ሰው በሽታውን የሚያሰራጭ ሰው ነው። ይኸን አድራጎት እናወግዛለን። ይኸን ያደረገ አባል ቢገኝ በጠቅላላው ስብሰባ ላይ ስሙ ተጠርቶ ይጠየቃል፤ በዚህኛው ይሉኝታ የለንም።

የወደቀው ውሻ አሁን ደህና ነው። እናትየው ሰንሰለቱን አስፈትተው ግቢ ውስጥ ለቀውታል። ልጁም ትናንት ማታ በአፈሩ መንገድ በእርምጃ ሲያዘዋውረው አይተናል፤ ገመዱም በደረቱ ነበር። ያረጀ ውሻ ያላችሁ ሁሉ ቅዳሜ ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከኳስ ሜዳው በር ተሰብስበን አብረን እንራመዳለን። የክትባት ወረቀትና የውኃ ሳሕን ይዛችሁ ኑ።

የማኅበሩ ጸሐፊ