የአንዱን ራስ በሌላው ትከሻ

በሰሜኑ ደጋ አገራችን ሰው ሲሞት ልብሱና ጠመንጃው ለቅሶው ላይ ወጥቶ ሲለቀስበት መኖሩ የታወቀ ነው። ዛሬ ከነዚህ ጋራ የሟቹ ፎቶግራፍ ይወጣል። ይሁን እንጂ በሰቆጣ ዙሪያ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች ለሚኖር ገበሬ ከዕድሜው ሁሉ የሚተርፈው ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ለመታወቂያ የተነሣው ጉርድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤተ ዘመድ ያችኑ ጉርድ ይዞ ወደ ፎቶ ቤት ይሄዳል፤ ባለሙያውም ራሱን ከአንገት ቆርጦ፥ ሱፍ ልብስና ክራባት ባደረገ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ይቀጥለዋል።

ይህ ሥራ ዱሮ በመቀስና በሙጫ ይሠራ ነበር። ፎቶሾፕ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ከወጣ ወዲህ ግን እጅግ ቀሏል። የባለሙያው ጥበብ የራሱን መጠን ከትከሻው፥ የፊቱን ቀለም ከአንገቱ፥ ከሁሉም በላይ ብርሃኑን ከብርሃኑ ማስማማት ነው። ፊቱን ብርሃን ከግራ፥ ኮቱን ከቀኝ የመታው እንደሆነ አስተዋይ ዓይን ቅጥሉን ወዲያው ያውቀዋል።

እኛ ሥራውን አንነቅፍም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከዋግ ኽምራ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ተሰዷል፤ የሚሸሽ ሰውም ልጁን ያዝላል እንጂ የግድግዳውን ፎቶግራፍ አያወርድም። እንዲህ ላለው ቤተ ሰብ ከአንዲት ጉርድ ላይ የሟች አባትን መልክ አጉልቶ መስጠት ትልቅ ውለታ ነው።

የሚያሳስበን ቅጥልነቱ ሳይነገር ሲቀር ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ቆመው የሚታዩበት አንድ የታወቀ ሥዕል አለ፤ አካሉ ግን የባርነት ጠበቃ የነበሩት የጆን ካልሁን ነው። ባሪያ ነጻ ያወጣው ሰው ራስ በባርነት ደጋፊ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ብዙ ዘመን የተመለከተው ሁሉ አላወቀውም። በአገራችንም ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱበት ጊዜ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ለማሰኘት የተቀናበሩ ፎቶግራፎች ተሰራጭተው ነበር የሚል ታሪክ ይነገራል፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። አንድ ፎቶግራፍ ሐሰት ነው ከተባለ በአጠገቡ ያለው እውነተኛውም አብሮ ይጠረጠራል፤ ጉዳቱም ይኸው ነው።

ሕጉ ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፥ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ በመሠረቱ ይከለክላል። ይህም መብት ራሱ ለተቆረጠው ብቻ ሳይሆን ትከሻውን ላበደረውም ጭምር ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅም በኮምፒዩተር የሚሠራን የሐሰት ማስረጃ ይቀጣል። ለሐዘንተኛ ቤት የሚሠራ ቅጥል መጽናኛ ነው፤ ሰውን ለማዋረድ ወይም ለማስረጃ ሲውል ግን ወንጀል ይሆናል።

ስለዚህ ለፎቶ ቤት ባለሙያዎችና ለቤተ ዘመዶች ሦስት ነገር እንመክራለን። መጀመሪያ፥ ዋናይቱ ጉርድ ሳትነካ ትቀመጥ፤ ቅጥሉ የሚሠራው ከቅጅዋ ላይ ይሁን። ሁለተኛ፥ በቅጥሉ ጀርባ የሟቹ ስም፥ ዓመተ ምሕረቱና «ፊቱ የራሱ፥ አካሉ የተቀጠለ» የሚል ቃል ይጻፍ። ሦስተኛ፥ ባለሙያው የሰው ራስ ተሸክሞ የመጣውን ሁሉ ለምን እንደሚፈልገው ይጠይቅ፤ ያልተፈቀደለትንም አይሥራ።

ዛሬ በሰቆጣ የሚያድግ ሕፃን አያቱን የሚያውቀው በግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶግራፍ ነው። አያቱ ክራባት አስሮ የሚያውቅ ይመስለው ይሆናል። ጋቢውን ለብሶ፥ በሬውን ጠምዶ የኖረ ሰው መሆኑን ከፎቶግራፉ ጀርባ አንብቦ ቢረዳ ግን ፊቱንም ኑሮውንም አብሮ ይወርሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ብዕርና ጥቂት ትጋት ብቻ ነው።