«ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው» አትበሉን!

ሰሞኑን የአንድ ክፍል ሮስተር አየሁ። ውጤቱ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደርድሯል፤ ስሞቹ ግን በፊደል ተራቸው እንደቆሙ ናቸው። ስማቸው ቀድሞ የተጻፈ ሁሉ ጎበዝ ሆነዋል! 94 ያመጣችው ልጅ 51 ተጽፎላት ቤቷ ገባች። ሲጠየቁ መልሱ «ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው» ሆነ።

ኧረ ተዉ! ኮምፒውተር የታዘዘውን ነው የሚሠራው። የውጤቱን ዓምድ ብቻ መርጣችሁ ስትደረድሩ፣ ኤክሴል «ጎን ያለውም ይካተት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሳታነቡ ትጫናላችሁ እንጂ። ፓይተንም ላይ ያው ነው፤ ውጤቱን ለብቻው በሶርት ከደረደራችሁት ስሙ አይከተለውም። መጀመሪያ በዚፕ ውጤትንና ስምን አጣምሩ፣ ከዚያ ጥንዱን ደርድሩ።

ዓይናለምም ሆነ አዲስ አበባ ያላችሁ መምህራን፣ ሮስተር ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የሦስት ልጆችን ውጤት ከማርክ ሊስቱ ጋር አመሳክሩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።