“ወይ እኔን፣ ወይ ሳይክልህን ምረጥ አለችኝ”

ለዛሬ የመረጥነው ደብዳቤ ከመቂ የተላከ ነው። ጸሐፊው ስሙ እንዳይወጣ አደራ ስላለን አደራውን ጠብቀን፣ ረዘም ያለውን ደብዳቤ አሳጥረን እነሆ ብለናል።

“የ31 ዓመት ሰው ስሆን የምተዳደረው በመንግሥት ሥራ ነው። ካገባሁ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል፤ ባለቤቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። መጠጥ አልጠጣም፣ ጫት አልቅምም። ያለችኝ ሱስ አንዲት ሳይክል ናት። ከአዲስ አበባ ያገለገለ ኮርሳ ገዝቼ እሁድ እሁድ ምሳ ከበላሁ በኋላ ዝዋይ ደርሼ እመለሳለሁ። ሳምንቱን ሙሉ የተጠራቀመው ሐሳብ ሁሉ የሚወጣልኝ በዚያች መንገድ ላይ ነው።

ባለፈው ሐምሌ አንድ እሁድ እንደ ልማዴ በ8 ሰዓት ተነሣሁ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። እኔ ግን አንዴ ከወጣሁ መመለስ አልወድም፤ ሽንፈት መስሎ ይታየኛል። ስመለስ ዶፉ ከነነፋሱ ፊት ለፊት መጣብኝ። ቲማቲም የጫነ አይሱዙ አጠገቤ ሲያልፍ አንገዳግዶ ቦይ ውስጥ ጣለኝ። ክርኔ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ስልኬ ግን ውሃ ገብቶበት ሞተ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ ከጎረቤቶች ጋር በባጃጅ ልትፈልገኝ ስትወጣ በር ላይ አገኘኋት። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ‘ልጄን ያለ አባት አላሳድግም፤ ወይ እኔን፣ ወይ ሳይክልህን ምረጥ’ ብላኝ ገባች። አማቴም ‘ሳይክል የልጅ መጫወቻ ነው፣ ይሽጠው’ ይላሉ። ይኸው አንድ ወር ሙሉ ጓዳ ተገትሯል። ከባለቤቴ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ጨዋታ የለንም። ልሽጠው? ወይስ ምን ይሻለኛል?”

ወንድማችን፣ ሳይክሉን አትሽጥ። ግን ቶሎ ደስ አይበልህ፤ ከዚህ በታች የምንልህ ሁሉ አይጥምህ ይሆናል።

መጀመሪያ የአማትህን ነገር እንጨርስ። በክብር ንገራቸው፤ ሳይክል የልጅ መጫወቻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ብስክሌተኞች ባላሰለፈች ነበር። ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይም በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ባልሆነ ነበር። ይህን ያህል ይበቃቸዋል።

የባለቤትህ ነገር ግን ሌላ ነው። ደብዳቤህን ደጋግመን አነበብነው። አንተ “ክርኔ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆንኩም” ትላለህ። እሷ ግን ያን ምሽት ያየችው ክርንህን አይደለም። ስልክህ አይሠራም፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ መሽቷል፣ መንገዱም ምን ዓይነት መንገድ እንደሆነ ታውቃለች። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር በዝናብ ባል ፍለጋ በባጃጅ ልትወጣ! እስቲ አንተ በእሷ ቦታ ሁን። ለእኛ እንደሚገባን የጠላችው ሳይክሉን ሳይሆን የት እንዳለህ አለማወቋን ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ከምሳ በኋላ በ8 ሰዓት፣ ያውም በሐምሌ! ኧረ ለመሆኑ ማን መከረህ? የክረምት ዝናብ በአብዛኛው የከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ ምድሩን ስታሞቀው ትውልና ደመናው ይቆለላል፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ ይጀምራል። አንተ ልክ ዶፉ በሚመጣበት ሰዓት ቀጠሮ ይዘህ ትሄዳለህ ማለት ነው። ከመቂ ዝዋይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 60። ጧት 12 ሰዓት ላይ ብትነሣ፣ ሳትጣደፍ በ3 ሰዓት ቤትህ ገብተህ ቁርስ ትበላለህ። ጧት ነፋሱም አልተነሣም፣ የጭነት መኪናውም እንደ ከሰዓቱ አይበዛም።

ስለ ነፋስ ካነሣን አይቀር አንድ ስሌት እናሳይህ። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ስትነዳ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢመጣብህ፣ ደረትህን የሚመታው አየር 45 ነው። ግፊቱ ታዲያ እጥፍ አይደለም የሚሆነው፤ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሚጨምር ነው። ስለዚህ ገና ከቤት ሳትወጣ የጎረቤትን ጭስ ወዴት እንደሚያጋድል እይ፤ መጀመሪያ ወደ ነፋሱ ሂድ፣ ስትደክም ነፋሱ ወደ ቤትህ ይገፋሃል። በበጋ ብዙውን ጊዜ ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚነፍስ ዝዋይ ድረስ እየገፋ ይወስድህና ለመመለሻ ይበቀልሃል። እንዲህ ባለው ቀን ዝዋይን ተወውና ወደ ዓለም ጤና አቅና።

የአይሱዙው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። (ሕዝቡ “አልቃይዳ” የሚል ስም ያወጣላቸው ያለ ምክንያት አይደለም።) ነፋስ ከጎንህ ሲመታህ ሳታውቀው ወደ ነፋሱ ትጋደማለህ። መኪናው ሲያልፍ ነፋሱን ይከልልብሃል፣ አልፎ ሲሄድ መልሶ በድንገት ይለቅብሃል። የጣለህ ይኸው ነው። ድምፁን ስትሰማ መሪውን ጠበቅ፣ ክርንህን ላላ፣ ፍጥነትህን ቀነስ አድርግ። የፍጥነት መንገዱ ለሳይክል ክልክል ነውና ለአንተ ያለህ አሮጌው መንገድ ነው፤ እዚያ ደግሞ ካልታየህ አለቀልህ። ደማቅ ቢጫ ልብስ ልበስ፣ ቀንም ቢሆን ከኋላህ ቀይ መብራት ይብራ።

ዝናብ ሲጀምር በጣም የሚያዳልጠው የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ነው፤ ዘይቱና አቧራው ገና አልታጠበም። ጎማውን የሚይዝ ፍሬን ሲረጥብ ቶሎ አይዝም፤ ቀደም ብለህ በስሱ እየነካካህ ውሃውን አስጠርገው። ኩሬ ውስጥ አትግባ፣ ከሥሩ ጉድጓድ ይኑር አይኑር አታውቅም። ጎርፍ የግራሩን እሾህና ኩርንችቱን ወደ መንገዱ ዳር ስለሚያመጣ ትርፍ የውስጥ ጎማ ሳትይዝ አትውጣ። እሁድ ቀን ጎሚስታ ፍለጋ መንከራተት ይቅርብህ።

መብረቅ ግን ቀልድ አያውቅም። ብልጭታውን ካየህ በኋላ ቁጠር፤ 30 ሳትደርስ ነጎድጓዱ ከተሰማህ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፣ ውረድ። ብቻውን የቆመ ግራር ሥር እንዳትጠለል! ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግባ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም ግማሽ ሰዓት ቆይ። መቂ ቆላማ ናት ብለህም ብርዱን አትናቀው፤ የረጠበ ሰው በነፋስ ይንቀጠቀጣል። የድሮ ብስክሌተኞች ዘዴ ጋዜጣ ከሸሚዝ ሥር ደረት ላይ መሸጎጥ ነው። ይህችን ጋዜጣ አንብበህ ስትጨርስ ለዚያም ታገለግልሃለች፤ ቅር አይለንም።

አሁን ወደ ዋናው በሽታህ። “መመለስ ሽንፈት መስሎ ይታየኛል” ብለሃል። እ.ኤ.አ. በ1980 ቤልጅየም ውስጥ በሚካሄደው የሊዬዥ–ባስቶኝ–ሊዬዥ ውድድር ላይ በረዶ ወረደ። ከተነሡት 174 ሰዎች መስመሩን ያለፉት 21 ብቻ ናቸው። የቀሩት 153 እንጀራቸው ብስክሌት የሆነ ሰዎች ናቸው፤ ወርደው መኪና ውስጥ ገቡ፣ ማንም ፈሪ አላላቸውም። ያሸነፈው ፈረንሳዊው በርናር ኢኖ የሁለት ጣቶቹ ስሜት ሙሉ በሙሉ አልተመለሰለትም። እሱ እንኳ ዋንጫ ወሰደበት። አንተ ዝዋይ ላይ ምን ይጠብቅሃል? ዓሣ ጥብስ!

እንግዲህ ዛሬ ማታ ተነሥተህ ለባለቤትህ አስረዳት። “ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አስጨነቅኩሽ” በል፤ ስለ ክርንህ ግን ምንም አትበል። ከዚያ ሰዓቱን አብራችሁ ወስኑ። መነሻህ 12፣ መግቢያህ 3፤ ዝዋይ ስትደርስ ትደውላለህ። ስልኩ በሁለት ፌስታል ይጠቅለል። ጧት ሰማዩ ከጠቆረ ደግሞ “አትሂድ” የማለት መብት የእሷ ይሁን፤ አንተም አትከራከር።

እህታችን፣ ይህን አንቺም እያነበብሽ ከሆነ፣ ጠጪም ቃሚም ያልሆነ ባል እሁድ ጧት ሦስት ሰዓት ቢጠፋ ያን ያህል አይከፋም። ያን ማታ ስላሳለፍሽው ጭንቀት ግን ሙሉ በሙሉ ከአንቺ ጋር ነን።

ወሩ ሲገፋ ዝዋይ ይቅር። በዘጠነኛው ወር ከመቂ ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ አትራቅ፤ ስልክ ሲደወል በሩብ ሰዓት ቤት የምትደርስበት ቦታ ሁን።